ቁጡ ፊትና የማሳጅ ድንጋይ፦ ሮዜሺያ ያለበት ሰው ሮለርና ጓ ሻን ፊቱን ሳይጎዳ የሚጠቀምበት መንገድ

ማሸት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ወጌሻ ነው። እግሩ ወለም ያለው ሰው ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል፤ ወጌሻው በቅቤ የራሰ አውራ ጣቱን ወደ ጅማቱ ያሰምጣል፤ ሕመሙም የመዳን ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ልማድ እጃችን ውስጥ አለ። የፊት ሮለር (እጀታ ያለው የሚሽከረከር ድንጋይ) ወይም ጓ ሻ (ፊት ላይ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ድንጋይ) ስንይዝም ሳናውቀው እንጫነዋለን፤ ጉንጫችን ሲግል «ሠራ» እንላለን። ሮዜሺያ የሚባለው የቆዳ መቆጣት ላለበት ፊት ግን ያ ግለት ራሱ ጉዳት ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ ፊት ከደረሰ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውበት ሳሎን ፊቴ በእንፋሎት እንዲሞቅ ተደረገ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ በድንጋይ ሮለር ላይ ታች ተገፋ። ስወጣ ጉንጮቼ ይለበልቡኝ ነበር። ማታ ትራስ ማስነካት አልቻልኩም፤ በማግስቱ አፍንጫዬ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ወጣ፤ ፊቴ ወደ ነበረበት ለመመለስም ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የሠራችኝ ልጅ ለሌላው ደንበኛ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። እኔም የቆዳዬን ስም አላውቅም ነበር።

ፊትዎን ይወቁ

ሮዜሺያ ረጅም ጊዜ የሚቆይ የቆዳ መቆጣት ነው። የሚይዘው በአብዛኛው የፊትን መሃል ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። ፊት በድንገት ይግላል፤ ይቀላል፤ ይቆጠቁጣል። መቅላቱ ይመላለስና ቆይቶ አልሄድም ይላል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፤ በሌላው ላይ ብጉር የሚመስል ነገር ይወጣል። ከተለመደው ብጉር የሚለየው በላዩ ላይ የጠቆረ ጭንቅላት ያለው ነጠብጣብ ስለማይኖረው ነው።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን «አለርጂ ነው»፣ «ማድያት ነው» ተብለን ዓመታት እናሳልፋለን። ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ቀድሞ የሚሰማው ግን ሙቀቱና መቆጥቆጡ ነው። ማድያት አይሞቅም፤ አይቆጠቁጥም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም መጥቶ አይሄድም።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ሁለት ቀላል ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው የእጅዎን ጀርባ ጉንጭዎ ላይ፣ ቀጥሎ ከጆሮዎ በታች አንገትዎ ላይ ማድረግ ነው፤ የሙቀቱ ልዩነት ይታወቃል። ሁለተኛው የንጹህ ብርጭቆ ቂጥ ጉንጭ ላይ በቀስታ አሳርፎ በመስተዋት ማየት ነው። ቀለሙ ከብርጭቆው ስር ደብዝዞ ሲነሳ ከተመለሰ ከደም ሥር የመጣ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ቆዳው ውስጥ የቀረ ጠባሳ ቀለም ወይም ማድያት ሊሆን ይችላል። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ምክንያቱም ሉፐስ የሚባለው በሽታም በጉንጭና በአፍንጫ ላይ ተመሳሳይ መቅላት ያመጣል። መሣሪያ ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ የቆዳ ሐኪም ጋር መቅረብ የገንዘብም የፊትም ቁጠባ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ የምናገረው አንድ ጉዳይ አለ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚባሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ያሉበትን ክሬም ፊት ለማንጣት ወይም ብጉር ለማጥፋት ለወራት የተቀባ ሰው ሮዜሺያን የሚመስል፣ አንዳንዴም ከእርሱ የባሰ መቆጣት ይመጣበታል። ክሬሙ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሮቹንም ያሰፋቸዋል። ሲያቆሙት ፊት በእሳት የተለበለበ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለ ፊት ላይ ምንም ዓይነት ድንጋይ፣ ብረት ወይም ብሩሽ ማሳረፍ አይገባም። ክሬሙንም በራስ ውሳኔ በአንድ ቀን ከመጣል ይልቅ አወጣጡን ሐኪም ቢመራው ይሻላል።

ከመሣሪያው ምን ይጠበቃል?

ሮለርም ሆነ ጓ ሻ ሮዜሺያን አያድኑም፤ ደም ሥሮችንም አያጠፉም። በአግባቡ ከተያዙ ጠዋት ያበጠውን ፊት ለጥቂት ሰዓታት ያቀልላሉ፤ ቀን ሙሉ የተነከሰውን መንጋጋ ያላላሉ፤ ሰውንም ያረጋጋሉ። ጭንቀት ራሱ ሮዜሺያን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ስለሆነ መረጋጋቱን አልንቀውም። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ለእብጠት የሚሠራው ቀላል እጅ ነው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር በ1930ዎቹ ያዳበረው የሊምፍ (ከቆዳ ስር የሚጠራቀም ውኃማ ፈሳሽ) ማሳጅ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከቆዳ ስር ያሉት የሊምፍ ቱቦዎች እጅግ ስስ ስለሆኑ ጠንካራ ግፊት ፈሳሹን ከመግፋት ይልቅ መንገዱን ይዘጋዋል። ጓ ሻ በተቃራኒው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲሆን፣ በጀርባና በትከሻ ላይ ቆዳው ቀይ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ድረስ ይፋቃል። «ጓ» መፋቅ ማለት ነው፤ «ሻ» ደግሞ የሚወጣው ቀይ ምልክት። ለጀርባ የተሠራውን ወደ ጉንጭ ማምጣት የሚያስከትለውን ከስሙ መረዳት ይቻላል። የፊቱ አጠቃቀም ከድንጋዩ ቅርጽ በቀር ከዚያ የወረሰው ነገር ሊኖር አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ማሸት» የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ የማልጠቀመው ለዚህ ነው። መዳበስ እለዋለሁ፤ እንቅልፍ የያዘውን ሕፃን ጉንጭ እንደምንዳብሰው።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን መምረጥ

ለቁጡ ፊት የምመክረው ለስላሳ የድንጋይ ሮለር ወይም ጠርዙ የደነዘ፣ ወፈር ያለ ጓ ሻ ነው። ድንጋዩ ጄድ ይሁን ኳርትዝ ለቆዳው ለውጥ የለውም። ለውጥ የሚያመጣው ልስላሴው ነው፤ ስለዚህ ጥፍርዎን በጠርዙ ዙሪያ ያሂዱት፤ አንድ ቦታ እንኳን ከያዘው አይግዙት። ሮለሩን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ያሽከርክሩት፤ የሚንቋቋ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ቆዳና ጸጉር ይቆነጥጣል። ብረት ከመረጡ ጥሩ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ በርካሽ ብረት ላይ የተለበጠ ቀለም ሲላጥ ኒኬል ይወጣል፤ ኒኬል ደግሞ የታወቀ የአለርጂ ምንጭ ነው። የጆሮ ጌጥ የሚያሳክክዎት ከሆነ ከብረት ይራቁ።

የማይነኩትም አሉ። ቆዳ የሚስቡ የፊት ዋንጫዎች ደም ሥሮችን ይበጥሳሉ። የሚሽከረከሩ የማጠቢያ ብሩሾች ይፍቃሉ። የሚንቀጠቀጡና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ግጭትና ሙቀት ይጨምራሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በልብ ውስጥ መሣሪያ ለተገጠመለት ሰውና ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሆኑም። ከሁሉም በላይ ግን ደርማሮለርን ይጠንቀቁ! ስሙ ሮለር ስለሆነና ከሌሎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ስለሚሸጥ ይምታታል፤ እርሱ በጥቃቅን መርፌዎች የተሞላ ነው። ሮዜሺያ ባለበት ፊት ላይ ቤት ውስጥ ማሽከርከር ቆዳን በገዛ እጅ ማቁሰል ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

መሣሪያው የሚያርፈው በተረጋጋ ፊት ላይ ብቻ ነው። መግል የያዘ ብጉር፣ የሚቆጠቁጥ ቦታ፣ የፀሐይ ቃጠሎ፣ የተላጠ ቆዳ ወይም ከንፈር ላይ የወጣ ምች ካለ ያ ቀን ይለፍ። በተለይ ምች በመሣሪያው ወደ ሌላ የፊት ክፍል ሊዛመት ይችላል። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የከባድ ብጉር ክኒን የሚወስድ ሰው ቆዳው ስለሚሳሳ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ በቀላሉ ስለሚበልዝ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ሌዘር የተሠራ ወይም ፊቱ ላይ መርፌ የተወጋ ሰውም የሠራው ሐኪም እስኪፈቅድ ይጠብቅ።

ሰዓቱ በእኛ ኑሮ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እንጀራ ሲጋግሩ ፊትዎ ለአንድ ሰዓት ያህል ከምጣድ በሚወጣ እንፋሎትና ሙቀት ፊት ቆይቷል። ቡና ሲያፈሉ ከሰል አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀይ ወጥ በልተው ከሆነ ደግሞ የበርበሬው የማቃጠል ኃይል ሙቀትን የሚያውቁ ነርቮችን ነክቷል፤ ሰውነት ያንን እንደ ሙቀት ነው የሚቆጥረው። ከእነዚህ በኋላ ፊቱ ጸጥ ያለ ቢመስልም ደም ሥሮቹ ገና እንደተከፈቱ ናቸው። ወይባ ጢስ የገቡበት ቀን፣ የስፖርት ቀን፣ ትኩስ ሻወር የወሰዱበት ሰዓትም እንደዚሁ ነው። እኔ ራት ከመብላቴ በፊት፣ ወይም ከበላሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ መስኮት በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ነው የማደርገው።

ቡና ለሚወዱ ወገኖቼ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ፦ በሮዜሺያ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ፊትን የሚያግለው የስኒው ትኩሳት እንጂ ካፌይኑ አለመሆኑን አሳይተዋል። አቦሉን መተው አያስፈልግም፤ እስኪበርድ መታገሥ ይበቃል።

በውጭ ያላችሁም ተመሳሳይ ፈተና አለባችሁ። በሚኒሶታ ክረምት ከሚቆርጥ ነፋስ ወደ ማሞቂያ ክፍል የገባ ፊት፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከውጭው ሐሩር ወደ አየር ማቀዝቀዣ የገባ ፊት በድንገተኛ ለውጥ ተመትቷል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውንና እጅን ማጽዳት

ከመጠቀም በፊትም በኋላም ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፤ በንጹህ ጨርቅ ይድረቅ። ድንጋይ በፈላ ውኃ ውስጥ አይጣል፤ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ ጠርዝም የጀርም ጎሬም ይሆናል። በአልኮል ካጸዱት አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቁ። እርጥብ በሆነ መታጠቢያ ቤት አያስቀምጡት። እህትም ብትሆን አታውሱ።

ማቀዝቀዝ ከፈለጉ ከማቀዝቀዣው ከታችኛው ክፍል እንጂ ከበረዶ ቤቱ አይሁን። ቀዝቃዛ ድንጋይ የሚግል ፊት ላይ ሲያርፍ ገነት ነው፤ ገነቱ ግን አጭር ነው። በረዷማ ቅዝቃዜ ደም ሥሮቹን አጥብቦ ሲለቃቸው ከመጀመሪያው በበለጠ ሊከፈቱ ይችላሉ። ከማቀዝቀዣ አውጥተው አምስት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ያቆዩት፤ በክንድዎ ውስጠኛ በኩል ሲነካ «ቀዝቀዝ ያለ» እንጂ «የሚቆርጥ» መሆን የለበትም።

ደረጃ 4፦ ማንሸራተቻ ቅባትና ሙከራ

በደረቅ ቆዳ ላይ መሣሪያ አይሄድም። የሚቀባው ነገር ደግሞ ጥቂት ነገሮች ብቻ ያሉበት፣ ሽቶ የሌለው መሆን አለበት። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬም፣ ስኳሌን የሚባለው ቀላል ዘይት፣ ወይም እጅግ በስሱ የተቀባ ሽታ አልባ ቫዝሊን ይሠራል።

ከጓዳችን ስላሉት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ለጋ ቅቤ ለጸጉር እንጂ ለዚህ ፊት አይሆንም፤ ይበላሻል፤ ሙቀትም ያፍናል። የወይራ ዘይት ጥሩ ስም ቢኖረውም በውስጡ የበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሽፋን ያላላል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቁጡ ፊት ላይ የሚያሳክክና የሚያስቆጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ካምፎር፣ ሜንቶል፣ ሎሚና አልኮል ያለበት ማንኛውም ነገር ጨርሶ አይቀርብም፤ «ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል» የሚባለው ስሜት ነርቮቹ መነካታቸው ነው።

ቅባቱን በመጀመሪያ ከመንጋጋ በታች የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ለሦስት ተከታታይ ምሽቶች ይሞክሩት። ምንም ካልተሰማ በአንድ ጉንጭ ዳር ይቀጥሉ። መሣሪያው የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ በአንድ ጉንጭ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ። አዲስ ቅባትና አዲስ መሣሪያ በአንድ ቀን ከጀመሩ ፊትዎ ሲቆጣ ጥፋተኛውን አያውቁትም።

ደረጃ 5፦ መዳበስ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በክብደቱ ነው። እጅዎን ከልብዎ ዝቅ አድርገው ያቆዩና ጀርባው ላይ ያበጠውን ደም ሥር ይመልከቱ። ሮለሩን በላዩ ያሳልፉት። ደም ሥሩ ከተደፈጠጠ ተጭነዋል። ሳይደፈጠጥ እስኪያልፍ ድረስ ይለማመዱ፤ ያ ነው የፊትዎ ልክ። እኔ ሮለሩን በሦስት ጣቶች ጫፍ ብቻ፣ ከመያዣው ጫፍ እይዘዋለሁ፤ እንዲህ ሲያዝ ብፈልግ እንኳን መጫን አልችልም። ጓ ሻ ከሆነ ወደ ቆዳው ተኝቶ ሊነካ እስኪደርስ ይዘንበል፤ በጠርዙ ቆሞ ከሄደ መፋቅ ነው።

ከአንገት ይጀምሩ፤ ከፊት የሚወርደው ፈሳሽ የሚያልፈው በዚያ ነውና። ከጆሮ ስር ወደ አንገት አጥንት ወደ ታች ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ጎን ከጨረሱ በኋላ ሌላውን። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አይያዙ፤ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚሄዱ ትልልቅ ደም ሥሮች አሉ፤ ሲጫኗቸው ማዞርና ራስን መሳት ያመጣሉ። ቀጥሎ መንጋጋ፦ ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ሦስት ጊዜ። ብዙ ጭንቀት የሚከማቸው እዚህ ስለሆነ ቆየት ማለት የሚቻልበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ግንባር፦ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሦስት ጊዜ።

ጉንጭ መጨረሻ ይመጣል፤ ምክንያቱም በሮዜሺያ ይበልጥ የሚጠቃው እርሱ ነው። ከአፍንጫ ጎን ሳይሆን ከጉንጩ አጋማሽ ጀምረው ወደ ጆሮ ያሳልፉ፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ መሣሪያውን ከፊትዎ ያንሱት፤ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ግጭቱን እጥፍ ያደርገዋል። ክር የሚመስሉ ደም ሥሮች ያሉበትን ቦታ፣ አፍንጫን እና የዓይን ቆብን ይዝለሉ።

በድምሩ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያድርጉት። ፊቱ ከተስማማው ወደ ሁለት ቀን ማሳደግ ይቻላል፤ እኔ ከዚያ አልፌ አላውቅም።

ደረጃ 6፦ ከዳበሱ በኋላ

የተረፈውን ቅባት በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ እየነካኩ ያንሱት፤ አይጥረጉት። ሜትሮኒዳዞል፣ አዜላይክ አሲድ ወይም አይቨርሜክቲን ክሬም ታዞልዎት ከሆነ ፊቱ ደርቆ ሲበርድ በጣት ይቀቡት። መድኃኒትን በሮለር ማስረግ የሚባለውን ምክር አይስሙ፤ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን በዚያ መንገድ የተለካ አይደለም። ብሪሞኒዲን የሚባለውን መቅላት የሚቀንስ ጄል የሚጠቀም ሰው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጄሉ ደም ሥሮቹን እስከ 12 ሰዓታት ያህል ስለሚያጠብ ፊት ሲቆጣ አይታይም። ማስጠንቀቂያው በተዘጋበት ሰዓት መዳበስ አይገባም።

ከ15 ደቂቃ በኋላ የእጅ ጀርባ ምርመራውን ይድገሙት። ጉንጭ ከአንገት ጋር እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። አሁንም የሚግል ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጉንጩን ይተዉት። በማግስቱ ጠዋት በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ያንሱ፤ የተጠቀሙበትን ቀን፣ የበሉትን፣ የዋሉበትን በአጭሩ ይጻፉ። የእኔ ማስታወሻ ያሳየኝ ነገር ሮለሩ ሳይሆን የቅዳሜ እንጀራ ጋገራ እንደሚያቃጥለኝ ነው።

ፀሐይ ከሁሉም የከፋች ቀስቃሽ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት፣ መከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ለቁጡ ቆዳ ይስማማል። ፊትዎ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ቡናማ ቀለም የተቀላቀለበትን ይፈልጉ። ጃንጥላውንም የእናት ነው ብለው አይናቁት።

ፊት ከተቆጣ

መሣሪያውን ያስቀምጡ። በቧንቧ ውኃ የራሰ ንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያሳርፉ፤ በረዶ አያድርጉ። ለጥቂት ቀናት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ የለመዱትን ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ መቀባት ብቻ በቂ ነው። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከጎረቤት የተሰጠ ክሬም ይቅር። ፊቱ ከተረጋጋ በኋላ ሁለት ሳምንት ይቆዩና ከመንጋጋ ብቻ እንደገና ይጀምሩ።

ዓይንዎ አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረ፣ ከቀላ ወይም ብርሃን ካስቸገረው አይጠብቁ፤ ሮዜሺያ ዓይንንም ይይዛል፤ ቸል ሲባልም ብሌኑን ሊጎዳ ይችላል። የአፍንጫ ቆዳ እየወፈረ ከመጣም እንዲሁ፤ ይህ በወንዶች ላይ ይበዛል። አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ሥራውን የጀመረው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም እንዲሁ። ሲሄዱ ማስታወሻዎንና ፎቶዎቹን ይያዙ። ፊትዎ ላይ የሚያርፈውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ይውሰዱ፦ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ሮለሩን፣ እና ስሙ ሳይጻፍበት በትንሽ ዕቃ ተቀንሶ የተሸጠልዎትን ክሬም ጭምር።